ሚጢጢ ዓይን ውስጥ ያለው መስኮት

ወይኔ ስሙኝማ! ገዳዩ የት እንደተያዘ ታውቃላችሁ? አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ዓይን ውስጥ! እውነቴን ነው፣ ብሌኗ ላይ! ያውም ልጅቷ ጥርሷ እስኪታይ እየሳቀች። ባሰብኩት ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ማን እንደሆነ ግን አሁን አልናገርም፣ ብትለምኑኝም አልናገርም። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ልጅቷን ሁሉም ሰው ሚጢጢ ነው የሚላት። እናቷ ነርስ ናት፣ አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር፣ አክስቷ ደግሞ፣ የእናቷ ታናሽ እህት ማለት ነው፣ ልብስ ሰፊ። አክስትየዋ ልጅ የላትም። ነርሷ ፈረቃ ስትገባ ሚጢጢን የምትይዘው እሷ፣ ፀጉሯን የምትሠራት እሷ፣ ቀሚሷን የምትሰፋላትም እሷ። ፎቶ የሚያነሳቸው ደግሞ ጋሽ ብልጭታ ነው። ብልጭታ ያሉት ለቀልድ ነው፤ ሰውዬው በሕይወቱ ፍላሽ ተጠቅሞ አያውቅማ! ልጅ ዓይን ላይ ፍላሽ ማብራት ለእሱ በጥፊ እንደመማታት ነው። የመስኮት ብርሃን፣ አንድ ነጭ መጋረጃ፣ በቃ።

ታዲያ ከአምስት ወር በፊት ነርሷ ሚጢጢን ይዛ ሱቅ ገብታ ሳለ፣ አንዲት የማታውቃት ሴትዮ እየሮጠች መጥታ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ውይ ማሬ! የኔ ቆንጆ! እማማ የታለች?»

ነርሷ ሳቀች። «ተሳስተሻል እህቴ። ማሬ አይደለችም። እናቷም እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። «የማሬ እናት» የሚል ገጽ። ሚጢጢ ስትተኛ፣ ሚጢጢ ስትበላ፣ ሚጢጢ የመዋዕለ ሕፃናቷን ልብስ ከነስሙ ለብሳ። በየቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አንድ ፎቶ። ስልሳ ሺህ ተከታይ! ከሥሩ ደግሞ «ማሬዬ ዛሬ ቁርሷን ጨርሳለች» ምናምን።

«ይቅርታ፣» አለች ሴትዮዋ ወደ ኋላ እያለች፣ «እናቷ መሆንሽን በምን ልወቅ?»

እስቲ አስቡት፣ በገዛ ልጅሽ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ቤት አልሆነም። ነርሷ ገጹን ብትከስ፣ ብትለምን የሚዘጋላት ጠፋ። ባሏ ብሶበት የፎቶ ቤቱን በር በርግዶ ገባ።

«ፎቶዎቹ የወጡት ካንተ ቤት ነው! ካሜራህንም አንተንም ነው የምሰብራችሁ!»

ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ጋሽ ብልጭታ ግን ረጋ ብሎ፣ «አንድ ወር ስጠኝ። ማን እንደሆነ አገኘዋለሁ፣» አለው።

ወሩ ያለቀ ቀን ሞተ።

የዚያን ቀን ጠዋት ራሱ ለነርሷ ደውሎ ነበር። «ሚጢጢን ላንሳት። አክስቷ ታምጣልኝ፣» አላት። አምስት ሰዓት ላይ ነርሷ የእረፍት ክፍል ገብታ ያንን ገጽ ከፈተች። እንደ ቁስል መነካካት አመሏ ሆኗል። አዲስ ፎቶ ወጥቷል። ሚጢጢ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትስቃለች፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ። ቢጫውን ቀሚስ አክስቷ ማታ ነው ሰፍታ የጨረሰችው! ሚጢጢ የለበሰችው ዛሬ ጠዋት ገና መጀመሪያዋ ነው!

ስክሪንሾት አደረገችው። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«ባለቤትሽ እኛ ጋ ነው፣» አለ አንድ የፖሊስ ድምፅ። «ፎቶ አንሺው ሞቶ ተገኝቷል። ባለቤትሽ ሬሳው አጠገብ ቆሞ ነበር።»

*

ምርመራውን የያዘችው ሴትዮ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ናት። ጣቢያው ውስጥ «እትዬ ለምን» ነው የሚሏት። ምሳዬን በላሁ ብትላት እንኳ «ለምን?» ትልሃለች።

ነርሷን ይዛ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ፍርግርግ ብረት ያለው ትልቅ መስኮት፣ የሕፃን ወንበር፣ ጥግ ላይ ልብስ መቀየሪያ። ባለሦስት ደረጃዋ መሰላል ወድቃለች። ጋሽ ብልጭታ መጋረጃ ሊሰቅል ወጥቶ፣ ከነመጋረጃው ወድቆ፣ ጭንቅላቱ የጠረጴዛ ጠርዝ አግኝቶታል። አደጋ ይመስላል አይደል? ባልየው አጠገቡ ባይገኝ ኖሮ ሁሉም እንደዚያ ብሎ ይተወው ነበር።

ባልየው እጁን ታስሮ መጣ።

«ለምን መጣህ?» አለችው።

«ወሩ ስላለቀ። በሩ ክፍት ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል።»

«መጋረጃው ለምን እጅህ ላይ ተገኘ?»

«በሕይወት መኖሩን ልይ ብዬ ከፊቱ ላይ ገለጥኩታ!»

«ፊቱ ተሸፍኖ ነበር?»

«እስከ አናቱ። እግሩም ጭምር።»

እትዬ ለምን መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «የወደቀ ሰው ራሱን አይከናነብም፣» አለች ለራሷ።

ቀጥሎ አታሚው መጣ፤ የጋሽ ብልጭታን ፎቶ የሚያትመው፣ ባልየውን ሬሳው አጠገብ ያገኘው እሱ ነው። ቀጭን፣ ጣቱ ቀለም የጠጣ ሰውዬ። ዓይኑ አብጧል።

«ስትገባ ለየት ያለ ነገር አየህ?»

«አምፖሉ በርቷል።»

«አምፖል ቢበራስ?»

«ኧረ እትዬ! ጋሼ ልጅ ሲያነሳ አምፖል? ሁልጊዜ የሚለን እኮ ‹ሁለት ብርሃን አይጋባም› ነው። የመስኮቱ ነጭ፣ የአምፖሉ ቢጫ፤ የልጁ ፊት ግማሹ የታመመ ይመስላል። መጋረጃው ሳይሰቀል ደግሞ ልጅ ወንበር ላይ አያስቀምጥም። ፀሐዩ ዓይን ይወጋላ!»

«ፎቶዎቹ ሁሉ አንተ እጅ ይገባሉ፤ አይደል?»

የአታሚው ፊት ደም መሰለ። «ይገባሉ። እኔን ነው የጠረጠርሽኝ?»

«እኔ ሁሉንም ሰው ነው የምጠረጥረው የኔ ልጅ። እናቴን ጨምሮ።»

ከሟቹ ኪስ ትንሽ ደብተር ወጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሦስት ቃል ብቻ፦ ጫማ። ቁልፍ። ሪባን። ሪባን የሚለው ሥሩ ሁለቴ ተሰምሯል። ለማንም አልገባም።

*

ማታ አክስትየዋ ነርሷ ቤት መጣች፤ እህቷን አቅፋ አለቀሰች፣ ሾርባ ሠራች፣ ሚጢጢን አጠበች። እትዬ ለምን በነጋታው ስትመጣ ያገኘቻት የሚጢጢን ፀጉር ስትሠራ ነው።

«ስንት ሰዓት ወጣችሁ?»

«ሦስት ተኩል ገደማ። በር ድረስ ሸኘን፣ ቻው አለን። ምስኪን! የሱሪውን ጉልበት እንኳ የጣፍኩለት እኔ ነኝ። ልጅ ሲያነሳ ሁሌ ተንበርክኮ ነው፣ አንዳንዴም በሆዱ ተኝቶ። ‹የልጅን ፎቶ በልጅ ቁመት› ይላል።»

«አነሳት?»

«አዎ... ትንሽ አነሳት።»

«ካሜራው ውስጥ ግን ምንም የለም።»

«እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፤ እኔ መርፌና ክር ነው የማውቀው።»

እትዬ ለምን ሚጢጢ አጠገብ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ጉልበቷ ቋ! ሲል ሚጢጢ ሳቀች።

«ከጋሼ ጋር ምን ተጫወታችሁ?»

«ድብብቆሽ! ሁልጊዜ እኮ ነው። መጋረጃ ውስጥ ይገባል፤ ኩኩሉ ስለው አልነጋም ይለኛል፣ ኩኩሉ ስለው አልነጋም ይለኛል፣ ከዚያ ነጋ! ብሎ ይወጣል፣ ቀጭ ያደርገኛል።»

«ትናንትናስ?»

ሚጢጢ ከንፈሯን ጣለች። «ትናንትና አኩርፎኛል። ኩኩሉ ብለው፣ ኩኩሉ ብለው ዝም። አልነጋም እንኳን አላለኝም።»

ነርሷ አክስትየዋን አየቻት። ማበጠሪያው ፀጉር ውስጥ ቆሟል። አንድ ሰከንድ ብቻ። ከዚያ ማበጠሯን ቀጠለች። ነርሷም ለራሷ «ኧረ እኔስ አበድኩ» አለች። እህቷ እኮ ናት! አብራት ያደገች፣ በአንድ ብርድ ልብስ የተኛች!

እትዬ ለምን ስትወጣ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ያንን ስክሪንሾት፣ ደግሞም ጋሽ ብልጭታ ባለፈው ወር ለእሷ፣ ለባሏና ለእህቷ ለየብቻ የላከላቸውን ፎቶ።

*

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ነርሷ፣ ባሏ፣ አክስትየዋ፣ አታሚው። ሚጢጢ ጎረቤት ቀርታለች። እትዬ ለምን አምፖሉን አጥፍታ መስኮቱ አጠገብ ቆመች።

«ጋሽ ብልጭታ ‹አገኘዋለሁ› ያለው እንዲሁ አልነበረም። ባለፈው ወር ያንኑ ፎቶ ለሦስታችሁም ላከ። ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም። እያንዳንዱ ላይ ብናኝ የምታህል ነጭ ኮከብ ደብቋል። ለአባትየው በላከው ላይ ጫማዋ ላይ። ለእናትየዋ፣ ቀሚሷ ቁልፍ ላይ። ለአክስትየዋ፣ ሪባኗ ላይ።»

ነርሷ ስልኳን አወጣች።

«የማሬ እናት ገጽ ላይ የወጣው፣» አለች እትዬ ለምን፣ «ኮከቡ ሪባኗ ላይ ነው።»

«ስልኬን ሰው ነካክቶት ይሆናላ!» አለች አክስትየዋ። «ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል...»

«ይሁን። ወደ ትናንትናው ፎቶ እንሂድ። ቢጫ ቀሚስ። አንድ ጉንጯ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ፤ አምፖሉ በርቷል ማለት ነው። ፎቶው የተነሳው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ያነሳው ሰው ቆሟል። ጋሽ ብልጭታ አምፖል አያበራም፣ ቆሞም አያነሳም። ጉልበቱን የጣፍሽለት አንቺ ነሽ ልጄ፤ መንበርከኩን ግን ረሳሽው።»

ወደ አታሚው ዞረች።

«አታሚው፣ አምጣው።»

አታሚው አንድ ትልቅ ወረቀት ዘረጋ። የሚጢጢ አንድ ዓይን፣ ትሪ አክሎ። ብሌኑ ላይ መስኮቱ ይታያል፤ ፍርግርጉ ራቁቱን፣ መጋረጃ የለውም። ፊት ለፊቱ ስልክ በሁለት እጇ የያዘች ሴት ቆማለች። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ፣ ወለሉ ላይ፣ ነጭ ክምር።

«መጋረጃው ወድቋል፣» አለች እትዬ ለምን ቀስ ብላ። «እሱም ከሥሩ ነው። ልጅቷ ልብስ ቀይራ ስትወጣ አላወቀችም፤ የተደበቀ መሰላት። የምትስቀው ለእሱ ነው። ኩኩሉ እያለችው ነው።»

ነርሷ ወረቀቱን አየች። እህቷን አየች። «በይ ውሸት ነው በይኝ፣» አለች።

አክስትየዋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«እሱን አልነካሁትም እታለም፤ በሞትሽ። መሰላል ላይ ሆኖ ‹ዛሬ አንቺው ንገሪያት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› አለኝ። መጋረጃውን ጎተትኩት። መጋረጃውን ብቻ።»

«ለምን ሰው አልጠራሽም?» አለች እትዬ ለምን። «ሐኪሙ እንደሚለው ሩብ ሰዓት ያህል ተንፍሷል።»

ነርሷ አፏን ያዘች። ሩብ ሰዓት። እሷ ነርስ ናት፤ ሩብ ሰዓት ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች።

«ሚጢጢ ልብስ ቀይራ ልትወጣ ስትል ሸፈንኩት፤ እንዳትደነግጥ ብዬ። ከዚያ ሳቀች... በጣም ታምር ነበር።» አክስትየዋ ግድግዳውን እያየች ነው የምታወራው። «አምስት ሰዓት ላይ ይጠብቋታል። ስልሳ ሺህ ሰው። አንቺ ከፈረቃ ደክመሽ ትገቢና ትተኛለሽ፤ እኔን በየቀኑ ‹የማሬ እናት፣ ዛሬ እንዴት አደራችሁ?› ይሉኛል። እናት ብሎ የጠራኝ ሌላ ማን አለ?»

የባልየውን እጅ ፈቱለት። ወዲያው ሄዶ ነርሷን አቀፋት።

*

አሁን ሦስት ወር አልፏል። ገጹ ተዘግቷል፤ ፎቶዎቹ ግን ማን ሰብስቦ ይጨርሳቸዋል? አሁንም ሰው «ማሬ የት ጠፋች?» እያለ ሼር ያደርጋቸዋል። ነርሷ የራሷንም ገጽ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ስትሰርዝ አደረች፤ ለካ የመዋዕለ ሕፃናቱን ስም መጀመሪያ ያወጣችው ራሷ ናት። ለካ እሷም ስንት ልብ እንዳገኘች ትቆጥር ነበር።

ሚጢጢ አምስት ዓመት ሞላት። «አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው? እሷም አኮረፈችኝ?» ትላለች በየቀኑ። የልደቷ ቀን ነርሷ አምፖሉን አጠፋች፣ መስኮቱ ላይ ነጭ አንሶላ ሰቀለች፣ ተንበረከከች። «ኩኩሉ!» አለች ሚጢጢ። ነርሷ አንሶላው ውስጥ ገብታ «አልነጋም!» አለቻት። አንድ ፎቶ። አታሚው አንድ ቅጂ ብቻ አተመላት፤ የትም አልተለጠፈም።

በሳምንቱ ከእስር ቤት ደብዳቤ መጣ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። አንድ መስመር ብቻ ናት፦ «እታለም፣ የልደቷን ፎቶ፣ አንዲት ብቻ፤ ለማንም አላሳይም።»

ባልየው «ቅደጅው» አላት። አልቀደደችውም። ፎቶውን ፖስታ ውስጥ ከተተችው፣ አወጣችው፣ መልሳ ከተተችው። አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አልታሸገም። ሚጢጢ ፎቶው ላይ እየሳቀች ነው፤ ዓይኗ ውስጥ መስኮት አለ፣ አንሶላ አለ፣ የተንበረከከች እናት አለች።

እኔ እንጃ፣ አንዴ ላኪላት እላለሁ፣ አንዴ አቃጥይው እላለሁ። እናንተስ? እህታችሁ ብትሆን ትልኩላት ነበር?