ጨረቃ ላይ ያልደረሰው መርዶ

የወይዘሮ አስካለ ሙት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት የቤታቸው መብራት በራ፤ በራሱ የሚሠራው ወጥ ቤትም እንደ ልማዱ የጾም ምሳ ይሠራላቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። በከተማዋ እንዲህ ያለው ነገር አልፎ አልፎ ስለሚያጋጥም ጎረቤታቸው ብዙም አልደነገጠም፤ ለጥገና ክፍል ደውሎ ወደ ሥራው ሄደ። ጥሪውን ያነሳችው ግን እዚያው የምትሠራው የሟች ልጅ ፋናዬ ነበረች።

ቤቶቹ ማን እንዳለ የሚያውቁበት የነዋሪው መዝገብ በአንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ግልባጮቹ በየከተማውና በየጨረቃ ጣቢያው ተበትነዋል። ሰው ሲሞት ስሙን ዝም ብሎ መፋቅ አይበቃም። ያልሰማ ግልባጭ ካለ፣ ከሌሎቹ ዘንድ የጠፋ መስሎት ስሙን መልሶ ያድላቸዋል። ስለዚህ በስሙ ቦታ የሞት ምልክት ይተከላል፤ ባለሙያዎቹ መርዶ ይሉታል። ምልክቱ የሚጠረገው ግልባጮቹ ሁሉ መስማታቸው ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ፋናዬ የብልሽቱን ምክንያት ለማወቅ መመርመር አላስፈለጋትም። እናቷ ሲሞቱ ወንድሟ ምንተስኖት ከጨረቃ ጣቢያዎች በአንዱ ብቻውን ይሠራ ነበር። የዳታ አንቴናው ተሰብሮ የቀረው ደካማ ሬዲዮ ብቻ ነበር። ደንቡ፣ እንዲህ ሲሆን ሠራተኛው በሬዲዮ ተነግሮት የሟቹን ስም ከጣቢያው ግልባጭ በእጁ ይሰርዝ ይላል። ደግፎ የሚይዘው ለሌለ ሰው ግን መርዶ እንዴት ይነገራል? ዘመድ አዝማዱ ሁሉ እስኪመለስ ይቆይ አለ። እሷም የጣቢያውን ግልባጭ «ሰምቷል» ብላ አጸደቀች፤ መርዶው ተጠረገ። ትናንት አንቴናው ሲጠገን የጣቢያው ግልባጭ እናቷን በሕይወት እንዳሉ አድርጎ ለሁሉም አደለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

መርዶውን ዳግም ብትልክ መጀመሪያ የሚያነበው እስካሁን ከጣቢያው ያልተመለሰው ምንተስኖት ነው። የእናቱን ሞት ከስክሪን ላይ እንዲያነብ ማድረግ አልሆነላትም። እየፈራች ሬዲዮውን ከፈተች።

«ወንድሜ፣ እማዬ...» አለች።

መልሱ ትንሽ ዘገየ። «አውቃለሁ» አላት። «በጠራኋችሁ ቁጥር ተኝታለች ትሉኝ ነበር። እማዬ መቼ ነው ቀን ተኝታ የምታውቀው?»

«ካወቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«የሚያረዳኝ አጣኋ። መርዶ ሳይነገረኝ እንዴት ብዬ ላልቅስ?»

ፋናዬ አፈረች። ግልባጭ ካልተነገረው አያውቅም፤ ሰው ግን እያወቀም እስኪነግሩት ይጠብቃል። ይህን መመሪያው ውስጥ ማንም አልጻፈውም።

ከዚያ ምንም ሳትሸሽግ አረዳችው፤ እንዴት እንደታመሙ፣ ማን እንደቀበራቸው፣ በመጨረሻ ሰዓታቸውም የእሱን ስም እንደጠሩ። ልቅሶው ከጨረቃ እስኪደርስ ጥቂት ይዘገያል። ፋናዬ መጠበቅ አልቻለችም፤ ቀድማው አለቀሰች።