የእንዳሻው ድሪቶ

ጀርመን አገር፣ ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንደኛው፣ ሳንባውን ነቀርሳ የበላው እንዳሻው ሳሎን ውስጥ ተኝቶ ቀኑን ይጠብቅ ነበር። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤቱ ልከውታል። ሚስቱ ገላነሽ ኤርፖርት እያጸዳች ታስታምመዋለች፤ አንድያ ልጃቸው ፀሎት ደግሞ እናቷ ሥራ ስትወጣ እየመጣች አባቷ ሥር ትውላለች። አይ ገላነሽ! ከሞት ባላድነው ከሰው አፍ ላድነው ብላ የሠራችውን ሥራ ምነው አንድ ሰው ቀድሞ ባስጣላት!

ፀሎት እዚሁ ተወልዳ፣ «ጥቁሯ» እየተባለች አልቅሳ ያደገች ናት። አሁን ከመሰሎቿ ጥቁር ሴቶች ጋር እየተሰበሰበች፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመች ብርድ ልብስ ትሰፋለች። ያስተማረቻቸው አንዲት አሮጊት ናት፤ አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ነበር፤ «በባርነት የኖሩት አያቶቻችን ስማቸውን ቢነጠቁ በመርፌ መልሰው ጻፉት» ትላቸዋለች። ለገላነሽ ግን ይህ ሁሉ ያው ድሪቶ ነው፤ ያጣ የነጣ ሰው ጨርቅ በጨርቅ ላይ ጥፎ የሚደርበው። ልጄን ጀርመን አገር ያሳደግኳት ድሪቶ ልትደርት ነው ወይ እያለች ትበግናለች።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትገባ ያ ስፌት እንዳሻው ላይ ተደርቦ አገኘችው። ፀሎት ጨርሳው፣ አልብሳው ወጥታለች፤ እሱን መድኃኒቱ አስተኝቶታል። ቄሱና የሐበሻው ማኅበር ሰዎች ሊጠይቁት መንገድ ላይ ናቸው። ገላነሽ ደሟ ፈላ። ባሏን ቡትቶ አልብሳ ገደለችው ቢሉስ? ቀስ ብላ ገፈፈችው፣ ነጭ ጋቢ አለበሰችው፣ ስፌቱን በፌስታል ጠቅልላ መንገድ ዳር ካለው የአሮጌ ልብስ ኮንቴይነር ውስጥ ጣለችው። እፎይ ብላ ተመለሰች።

እንግዶቹ ጸልየው ከሄዱ በኋላ እንዳሻው ነቃ። እጁ ጋቢውን ይዳብሳል፣ ይፈልጋል።

«ስፌታችን የታለ?» አላት።

ስፌታችን? ለካ እሷ ኤርፖርት ስትውል አባትና ልጅ አብረው ሲሰፉ ነው የከረሙት! በእናቱ ድሪቶ ተጠቅልሎ ያደገ የድሃ ልጅ መሆኑን አፍሮ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም፤ ለልጁ ግን ነግሯታል። ከአገር የወጣበትን ሸሚዝ በገዛ እጁ ቀዶ ሰጥቷታል። ይህንን ሁሉ ትንፋሽ እያጠረው ነገራት።

«ገላዬ… በሱ ገንዙኝ» አለ በመጨረሻ።

አመጣዋለሁ ብላው ወደ ኮንቴይነሩ ወረደች። ክንዷን እስከ ትከሻዋ ብረቱ አፍ ውስጥ ሰደደች፤ ጣቷ አየር ብቻ ዘገነ። ኮንቴይነሩ ላይ የተጻፈውን ስልክ ደወለች፤ ቅዳሜ ማን ያንሳላት? አላፊ አግዳሚው ሌባ መስላው እያየ ያልፋል። ፀሎት ከባቡር ወርዳ ስትመጣ እናቷን እንዲህ ሆና አገኘቻት። ገላነሽ የሠራችውን እያለቀሰች ተናገረች።  ልጅቱ እናቷን ደግፋ ወደ ቤት ይዛት ወጣች።

እንዳሻው በሩን በሩን ያያል።

«አባዬ፣ አጥቤው ነው» አለችው ፀሎት እጁን ይዛ። «ሲደርቅ አመጣልሃለሁ።»

«እሺ… በደንብ ይድረቅ» አለ። እንደ ሕፃን አምኗት፣ ጎህ ሳይቀድ ዐረፈ።

ሰኞ ኮንቴይነሩ ሲከፈት ባዶ ነበር፤ ልብሱን የሚሰበስበው መኪና ቀድሞ ወስዶታል። እንዳሻው በአዲስ ነጭ አቡጀዲ ተገንዞ ተቀበረ። አወይ ሰው መሆን! ድህነቱን ሸሽቶ ባሕር የተሻገረ ሰው፣ መጨረሻ ላይ ያንኑ ድህነቱን ወዶ ቢለምን ተከለከለ። ለቀስተኛው አልቅሶ፣ እህል ቀምሶ፣ ጥሩ ቀብር ነበር እያለ ወደየቤቱ ሄደ።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ፀሎት ያን ሁሉ ቀን ያልጠየቀችውን ያኔ ጠየቀች፦

«ማማ፣ በማን ነበር ያፈርሽው?»

 ገላነሽ ልጇ ጉልበት ላይ ተደፍታ፣ ለባሏ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። ፀሎትም እጇን አንስታ፣ ብዙ ካመነታች በኋላ፣ የእናቷ ራስ ላይ አሳረፈችው።