ለሁሉም ቃል የተገባችው ቦታ

ሳህሌ የሞተው ራሱ በቀባው መስመር ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለንደን፣ ፓርክ ሮያል ውስጥ በሳንድዊች ፋብሪካና በምንጣፍ መጋዘን መካከል በተሸጎጠችው የቅርጫት ኳስ አዳራሽ፣ ከቅርጫቱ ሥር በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ከጎኑ መሰላል ወድቋል። ከላይ መረቡ በግማሽ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ያየው ሁሉ «ምስኪን፣ መረብ ሲቀይር ወድቆ ሞተ» እንዲል የተሰናዳ ነገር ነበር። ቀድመው የደረሱት ሁለት ፖሊሶችም ሳያንገራግሩ እንደዚያው አሉ።

መርማሪ እታፈራሁ ከጥሪው ሃያ ደቂቃ በኋላ ደረሰች። በስምንት ዓመቷ ለንደን የገባች፣ ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት፤ ሃያ ሦስቱን ዓመት የኖረችው የሰው ውሸት በመስማት ስለሆነ ማመን አይቀናትም። ዝናቡን ከኮቷ ላይ አራግፋ ወዲያው ወደ ሬሳው አልሄደችም። በሩን እንደገቡ አንድ አግዳሚ ወንበርና የጫማ መደርደሪያ አለ። ከበላዩ በትልልቅ ፊደል «በውጪ ጫማ እንጨቱን የረገጠ ይባረራል፤ ሳህሌ» የሚል ተለጥፏል። መደርደሪያው ላይ ሁለት ጥንድ የቆዳ ጫማ ነበር፣ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር። ጓንቷን አጥልቃ አንሥታ ገለበጠቻቸው፤ ሶላቸውን ዳበሰችና መለሰቻቸው። ከአግዳሚው ሆና ስታይ ሬሳው ፊት ለፊት ነው።

ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል። ከበሩ እስከ ሬሳው ድረስ አንድ ረድፍ ጭቃማ የጫማ ዱካ አለ፤ ከጥሪው በኋላ የገቡት ሁሉ፣ የፖሊስ ሐኪሙም ጭምር፣ ጫማቸውን በፕላስቲክ ሸፍነዋልና ሌላ ምንም የለም።

«ሁለት ጊዜ ነው የተመታው» አለ ሐኪሙ፤ «ሁለቱም አናቱ ላይ፣ በቀጭን ብረት።»

«የወደቀ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚወድቀው» አለች እታፈራሁ። ዓይኗ ቅርጫቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የብረት መዘውሪያ ላይ ነበር። ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅሏል። አቧራ በጠገበው ግድግዳ ላይ ታጥቦ የጸዳው እሱ ብቻ ነው።

ሟቹ እንዲህ ሆኖ ስለሞተ ብቻ ጥሩ ሰው አይሆንም። ሳህሌ የሐበሻ ልጆችን ወደ አሜሪካ ኮሌጅ «አሻጋሪ» ነበር። ገንዘብ አይቀበልም፤ የሚፈልገው ሲገባ እንዲነሡለት፣ ሲናገር እንዲያጨበጭቡለት፣ በየሠርጉ የክብር ወንበር እንዲለቀቅለት ነው። ኮሌጆቹ ለቡድናቸው የሚሰጡት ስኮላርሺፕ ተቆጥሮ የተወሰነ ነው፤ አንዲት ቦታ ስትቀራቸው እንደ ስስታም እመቤት ቅቤ በጣታቸው ጫፍ ያስቀምሷታል። ለአምስት ልጆች ደውለው አምስቱንም «የመጀመሪያ ምርጫችን አንቺ ነሽ» ይላሉ። አራቱን ሲጥሉ ስልክ አያነሡም። አሁን አሁን ደግሞ ጥሬ ልጅ ከማስተማር ሌላ ኮሌጅ ያበሰላትን መውሰድ ይቀላቸዋል። ሳህሌ ከእነሱ ጋር ሲላላክ ቅልጥፍናቸውን ሳይሆን ይህንን ዓመላቸውን ተማረ። በሱ ወረቀት ላይ አጭር ሰው የለም፤ ሁሉም አምስት ስድስት ሳንቲሜትር ጨምሮ ይጻፋል። በሚልካቸው ቪዲዮዎች ላይም ኳስ የምትስት ልጅ የለችም።

እታፈራሁ መጀመሪያ ረዳት አሰልጣኙን አኑዋርን አስጠራች። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ ተጣብቋል፣ ወንበር ላይ የሰቀለው ጃኬት ይንጠባጠባል። እግሩ ላይ ነጭ የሜዳ ጫማ አለ፤ ማሰሪያው ሁለቴ ተቋጥሯል።

«ከሼፈርድስ ቡሽ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት» አለ። «ዝናቡ እንዳለ ወረደብኝ። በሩን ስከፍት እዚያ ተዘርግቶ አየሁት። 'ኮች' ብዬ ጮኼ ሮጥኩ። ጭንቅላቱን ደግፌ ለአምቡላንስ ደወልኩ።»

«ቀደም ብለህ ገብተህ ነበር?»

«የለም። ዛሬ ያኔ ነው የገባሁት።»

«እንዳየኸው ሮጥክ?»

«ሰው ወድቆ እያዩ ይቆማል እንዴ?»

«የሚቆም አለ» አለች እየጻፈች። «የኮሌጁ ቦታ የማን ነበረች?»

«የሱመያ። ኮች ራሱ ነው የወሰነው። ሦስት ዓመት ያሠለጠንኳት እኔ ነኝ።»

ቀጥሎ የገባው የሱመያ አባት ጀማለዲን ነው፣ የአውቶቡስ ሾፌር። ልጁን ለልምምድ አምጥቶ መኪናውን ገና ሲያቆም ነው ጩኸቱን የሰማው፤ ልጁን መኪናው ውስጥ ትቶ ሮጠ። የጭቃው ዱካ የሱ ነበር፤ ሲጠየቅም ተቆጣ።

«አዎ፣ ረግጫለሁ! ሰው ሞቶ ጫማ ላውልቅ እንዴ? እኔ ሮጬ ገባሁ፤ ይልቅ ያቺን ልጅ ይጠይቋት፣ ሐዊን። ከኋላዬ መጥታ እንጨቱ ጠርዝ ላይ ቆመች። አንድ እርምጃ አልቀረበችም። ያሠለጠናት ሰው ወድቆ እንደ ግንድ ተገትራ ታያለች። የሰውን ልብ አላህ ያውቃል፤ እኔ ግን ያየሁትን ነው የምነግርዎ።»

«አኑዋርን ሲገቡ የት አገኙት?»

«ሬሳው ጋ ተንበርክኮ።»

ሱመያ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሒጃቧ ላይ የክለቡ አርማ ተሰፍቷል። ዓይኗ አብጧል።

«ቦታው የኔ ነበር» አለች። «ኮች፣ ላይክ፣ ማንም እንዳይሰማ አለኝ። እኔ ግን ኤክሳይትድ ሆኜ ትናንት ፖስት አደረግኩት። 'ኮሚትድ' ብዬ፣ ኮሌጅ ተቀብሎኛል ማለት ነው። አኑዋርም አብሮኝ ይሄድ ነበር፣ ፓኬጅ ነው። እኔን ካመጣ ኮሌጁ ረዳት አሰልጣኝ ሊያደርገው ፕሮሚስ አድርገውለታል።»

«እሱ ይህን አልነገረኝም።»

«ረስቶት ይሆናል» አለች ልጅቷ፤ ማስታወሻው ላይ ሲጻፍ እያየች ድምፅዋ ቀነሰ።

ሐዊ መጨረሻ ገባች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አጠገብ ባለው ፋብሪካ ሳንድዊች ታሽጋለች። በጫማዋ ውስጥ ውኃው ይጮኻል። ሰው ሁሉ ገዳይዋ እሷ ናት ማለቱን ታውቃለች።

«ተጨቃጭቀናል» አለች ሳትጠየቅ። «ለኔ ነበር ቃል የገባልኝ። 'ለማንም እንዳትናገሪ' አለኝ፤ እኔ ደግሞ አልተናገርኩም። ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ አለማመደኝ፤ ስናርፍ የሱመያን ፖስት ሳይ ፊት ለፊት ነገርኩት። 'ውሸቷን ነው፣ ያንቺ ነው፣ ደብዳቤሽን ዛሬ እልካለሁ' አለኝ። አላመንኩትም። ወጣሁ። ዝናቡ መንገድ ላይ ጀመረ፣ ዝም ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ዞርኩ። ቦርሳዬን ልወስድ ስመለስ ነው ጩኸቱን የሰማሁት።»

«ለምን ወደ ሬሳው አልቀረብሽም?»

ሐዊ ወደ እግሯ አየች። «ጫማዬ... ማለቴ እርጥብ ነበር። አይ ኖው፣ አውቃለሁ ደደብነት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አትርገጡ ሲል እግሬ እንቢ አለኝ።»

«ኮሌጁ ባይሆንስ?»

«የሚቀጥለው ዓመት አይወስዱኝም። ፋብሪካው ነው የሚቀረኝ።» እርጥብ እጅጌዋን ጨመቀችና «ከታሰርኩ ደግሞ እሱም የለም» አለች።

በዚያው ምሽት የሳህሌ ሎከር ተከፈተ። ሜዳ ላይ ስልክ መያዝ ክልክል ስለነበር ስልኩን ቆልፎበት ነበር፤ ከስልኩ ሥር አንድ የተፈረመ ደብዳቤ ተቀምጧል። እታፈራሁ ሁለቱንም አነበበች። ከዚያ «እሑድ ጠዋት ሁሉንም እዚያው ጥሩልኝ» አለች።

እሑድም ዝናብ ነበር። አኑዋርና ሱመያ እንደ ልማዳቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጫማ ቀየሩ። ጀማለዲን ወለሉን እያየ ከምንጣፉ አልወጣም። ሐዊ በፋብሪካ ጫማዋ ጠርዙ ላይ ቆመች፤ ቦርሳዋ ከቅዳሜ ጀምሮ ማዶ ካለው ወንበር ሥር ነው። ሁለት ፖሊሶች በሩን ያዙ።

«እኔ ቅርጫት ኳስ አላውቅም» ብላ ጀመረች እታፈራሁ። «ጫማ ግን አውቃለሁ። ትናንት ሦስት ሰዎች በዚህ በር ገቡ። አቶ ጀማለዲን ጭቃቸውን ይዘው ሮጡ። ሰው የሞተበት ሰው እንዲህ ነው የሚሮጠው። ሐዊ እርጥብ ጫማ ስላደረገች ጠርዙ ላይ ቀረች። ልብ የላትም ብላችኋል፤ ጫማዋ ግን ውኃ ቋጥሮ ነበር፣ ዝናቡ ሲወርድ ውጪ እንደነበረች መሰከረላት። ሦስተኛው አኑዋር ነው። በሩን ከፈትኩ፣ አየሁት፣ ሮጥኩ አለኝ። ከዝናብ የመጣ ሰው ሮጦ አንድ እርጥብ ዱካ ወለሉ ላይ አልተወም።»

«ጫማ ቀየርኩ» አለ አኑዋር። «ልማድ ነው። ሳላስበው።»

«እሺ። አግዳሚው ከበሩ ውስጥ ነው። እዚያ ተቀምጠህ፣ ሬሳውን ፊት ለፊት እያየህ፣ አንዱን ጫማ ፈታህ፣ ሌላውን ፈታህ፣ ነጩን አጠለቅክ፣ ሁለት ሁለቴ ቋጠርክ። ከዚያ ሮጥክ።»

ጀማለዲን ወደ አኑዋር ዞሮ አየው።

«ደንግጬ ነበር» አለ አኑዋር።

«ደንግጦ ሁለቴ የሚቋጥር አላየሁም። ግን ይሁን፣ ይህንንም ልመንህ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ነበር። ቡናማው የሳህሌ ነው፤ ጠዋት ስለመጣ ደረቅ ነው። ጥቁሩ ያንተ ነው። እሱስ ለምን ደረቀ? ዝናቡ ከጩኸትህ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሯል። እዚህ ያለው ማሞቂያ ከተበላሸ ወር አልፎታል። ጃኬትህ እየተንጠባጠበ፣ ጸጉርህ ረጥቦ፣ ሶልህ ላይ አቧራ ነበር።»

አኑዋር ዓይኑን ወደ መደርደሪያው ጣለ።

«ሐዊ እንደወጣች፣ ሳይዘንብ ነው የገባኸው» አለች። «ጫማህን እንደ ጨዋ ቀየርክ። ሳህሌ ሎከሩ ውስጥ ያገኘሁትን ደብዳቤ ለሐዊ እንደጻፈ ነገረህ። ሱመያ ካልሄደች አንተም አትሄድም፤ ረዳት አሰልጣኝነቱ ቀረ። መዘውሪያውን አነሣህ። ከዚያ መሰላል አቆምክ፣ መረብ ፈታህ፣ ብረቱን አጠብክ። ልትወጣ ስትል የአቶ ጀማለዲን መኪና ውጪ ማቆሚያ ሲፈልግ አየህ። በሩ አንድ ነው። እንግዲህ ገና መግባትህ መምሰል ነበረበት። የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን ሻወር ከፍተህ ጃኬትህንና ጸጉርህን አረጠብክ። ጫማውን ረሳኸው። ሜዳ ላይ የውጪ ጫማ ማሰብ አልለመድክማ። ከዚያ ጮህክ። እንጨቱን ያከበርከውን ያህል ሰውየውን ብታከብረው ኖሮ ዛሬ እዚህ አንቆምም ነበር።»

«እሱ ነው ያታለለን!» አለ አኑዋር። ድምፁ ተሰነጠቀ። «ለሁለቱም ቃል ገባ። ስድስት ዓመት ኳሱን ስሸከምለት፣ ቪዲዮውን ስቆርጥለት! ያቺ ቦታ የኔም ነበረች!»

«ቦታዋን ልንገርህ» አለችና ከኮቷ ኪስ ወረቀት አወጣች። «ይህ ቅዳሜ ማለዳ ከኮሌጁ ለሳህሌ የተላከ መልእክት ነው። ስልኩ ሎከር ውስጥ ስለነበር አልተከፈተም። 'ውድ አሰልጣኝ፣ የቀረችንን አንዲት ቦታ ሌላ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ለተጫወተች ልጅ ሰጥተናል። ለተጫዋቾችዎ መልካም ዕድል እንመኛለን።' ይኸው ነው። የማንኛችሁም ስም አልተጠቀሰም።»

ሱመያ ስልኳን አወጣች። ፖስቱን ፈልጋ አጠፋችው። ሐዊ «ስንት ሰዓት ነው የተላከው?» ብላ ጠየቀች።

«አንቺ ከሱ ጋር ስትለማመጂ።»

«እኔ ገና ተስፋ ሳልቆርጥ» አለች ሐዊ፤ አላለቀሰችም።

አኑዋር እጁ ታስሮ ወደ በሩ ሲወሰድ አግዳሚው ጋ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አለና በታሰረ እጁ የነጩን ጫማ ቋጠሮ መፍታት ጀመረ። ውጪ ዝናብ ነበርና።

እታፈራሁ ለጥቂት ጊዜ አየችው። ንቀቷን ልትደብቅ አልሞከረችም። «ጥቁሩ እኛ ጋ ነው፣ ማስረጃ ሆኗል» አለችው። «በዚሁ ውጣ።»

ወጣ። ነጩ ጫማ የመጀመሪያውን ኩሬ ሲረግጥ ከውስጥ ተሰማ።

ጀማለዲን ልጁን ትከሻዋን ይዞ ለሐዊ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ቅዳሜ ያለው ታወሰውና ዘጋው። ሐዊ አልጠበቀችውም። በጭቃማው የፋብሪካ ጫማዋ ጠርዙን ተሻገረች፤ ሳህሌ ባወለወለው እንጨት መሐል ለመሐል አልፋ ማዶ ሄደች፣ ቦርሳዋን ከወንበሩ ሥር አነሣች፣ በመጣችበት ተመለሰች። ሥራ የምትገባበት ሰዓት ደርሶ ነበር።