የስምንተኛው ዙር ጠጠር

ጠጠሯ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ቆይታ ዮሌይዳ ጋ ደረሰች። ከሽምብራ ብትበልጥ ትንሽ ነው፤ ግራጫ፣ አንድ ጎኗ ሾል ያለ።

«ያዣት እንጂ፣ አትነክስሽም» አላት ላውሬአኖ፣ ባለ ባጃጁ። «ዛሬ ጠዋት ሜዳ ድረስ ሄጄ፣ ተንበርክኬ ፈልጌ ነው ያገኘኋት። ፋውስቲኖን የዘረፈችው ይቺ ናት።»

ዮሌይዳ ጠጠሯን መዳፏ ላይ አስቀምጣ አገላበጠቻት። ዶን ኢላሪዮ ፀጉር ቤት የመጣችው የጨዋታውን መዝገብ ልታስፈርም ብቻ ነበር። ዶን ኢላሪዮ በአዘቦት ቀን ፀጉር ይቆርጣሉ፤ እሑድ እሑድ የሳንታ ሪታ ቤዝቦል ቡድን አሠልጣኝ ናቸው። የቡድኑ መዝጋቢ ደግሞ እሷ ናት። ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብትሆንም፣ ማን መታ፣ ማን ሮጠ፣ ማን ኳስ አመለጠው የሚለው ሁሉ በእሷ እጅ መጻፍ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ትናንት ሳንታ ሪታ የወደቡን ቡድን ሦስት ለባዶ አሸንፏል። ከተማው ግን ለቅሶ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ወርዋሪው ፋውስቲኖ፣ የአርባ አንድ ዓመቱ ዳቦ ጋጋሪ፣ ዘጠኙን ዙር ብቻውን ወርውሮ የተመዘገበበት አንድ ምት ብቻ ነው። ያቺ አንዷ ባትኖር ጨዋታው «ያለ ምት» ይባል ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በሳንታ ሪታ ሜዳ የታየው አንድ ጊዜ፣ ያውም ዶን ኢላሪዮ ገና ጡት ሳይጥሉ ነው።

ነገሩ የተበላሸው በስምንተኛው ዙር ነው። የወደቡ ልጅ መሬት ለመሬት የሰደዳት ኳስ ወደ ኖርቪን፣ ወደ ዮሌይዳ ወንድም ሄደችና በጓንቱ ሥር ሾልካ አለፈች። ተከላካይ ማስቀረት የሚችላትን ኳስ ከሳተ «ስህተት» ተብሎ በስሙ ይጻፋል። የማትያዝ ከሆነች ግን ለመቺው «ምት» ትባላለች። ይህን የሚወስነው መዝጋቢው ነው። ዮሌይዳ «ምት» ብላ ጻፈች። ከጨዋታው በኋላ ሰዎች ከበው ለምን ሲሏት፣ «ኳሷ የሆነ ነገር ነክታ ነጠረችና አቅጣጫ ቀየረች» አለቻቸው።

ኳሷ አልነጠረችም። ኖርቪን ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ሳትገባ ሯጩን ለማየት ቀና አለ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ዮሌይዳ ከመረቡ ጀርባ ሆና በደንብ አይታዋለች።

«እኔ የምለው» አሉ ዶን ኢላሪዮ መቀሳቸውን እያንቀጫቀጩ፣ «ዴኒስ ማርቲኔዝ፣ ያገራችን ወርዋሪ፣ አሜሪካ ሄዶ ሃያ ሰባቱን መቺዎች አንድም ሳያስመታ በተራ ሲመልስ፣ እዚያ ሜዳ ጠጠር አልነበረም ማለት ነው? ያኔ እዚችው ወንበር ላይ ያንተን አባት እየላጨሁ ነበር፣ ላውሬአኖ። ሬዲዮኑ ዘጠነኛው ዙር ሲል ምላጩን አስቀመጥኩት። ሰውዬው ግማሽ ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ሃያ ደቂቃ ተቀመጠ።»

«አባቴማ አንድ ሰዓት ነው የሚለው።»

«አባትህ የባቄላ ዋጋ ሲነግረኝም እጥፍ አድርጎ ነው።»

«አሜሪካኖቹ ሜዳቸውን እንደ ሳሎን ምንጣፍ ነው የሚይዙት» አለ ላውሬአኖ። «እኛ ጋ ከሐሙስ ጀምሮ የቧንቧ ውኃ የለም። ማን ሜዳ ያጠጣል? መሬቱ ሲደርቅ ጠጠሩ ወጣ። ነገሩ ሁሉ ከውኃው ነው የሚጀምረው።»

«የሚስትህ ቁጣም ከውኃው ነው የሚጀምረው?»

ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ዮሌይዳ ግን ሳቋ አልመጣም። ወንበሩ ላይ ነጭ ጨርቅ እስከ አንገቱ ድረስ ለብሶ የተቀመጠው ኖርቪን ነበር። ረቡዕ የቺናንዴጋ ክፍለ ሀገር ቡድን አሠልጣኝ ሊያየው ስለሚመጣ ነው ፀጉሩን የሚስተካከለው። ሰውዬው ልጁን ብቻ ሳይሆን መዝገቡንም አያለሁ ብሏል።

ላውሬአኖ ጠጠሯን ከዮሌይዳ መዳፍ አነሳና ኖርቪን ፊት ያዛት። «አንተ፣ ይቺ አይደለችም?»

ኖርቪን በመስታወቱ ውስጥ የተመለከተው ጠጠሯን ሳይሆን እህቱን ነበር። «ትመስለኛለች» አለ።

«አላልኳችሁም?» አለ ላውሬአኖ፣ ጠጠሯን በጋዜጣ ቁራጭ እየጠቀለለ። «ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ ነው ለፋውስቲኖ የምሰጠው።»

ትናንት ከዮሌይዳ አፍ ያመለጠች አንዲት ቃል ዛሬ በጋዜጣ ተጠቅልላ ኪስ ገባች። ዶን ኢላሪዮ ፈርመው መዝገቡን ሲመልሱላት እንኳን ቀና ብላ ማየት አቃታት። መዝገቡ ከእኩለ ቀን በፊት ፋርማሲ ውስጥ ለሚሠሩት ለሊጉ ጸሐፊ፣ ለዶኛ ኦቲሊያ መድረስ አለበት። እስከዚያ መዝጋቢው ውሳኔውን መለወጥ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የተጻፈው ተጻፈ ነው።

ከፀጉር ቤቱ ወጥታ የመንገዱ ጥግ ላይ ስትደርስ ፋውስቲኖን አገኘችው። ዳቦውን ሸጦ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቱን በግራ እጁ ብቻ እየገፋ ነበር፤ ቀኝ ክንዱ ከትናንት ወዲህ አልታዘዝ ብሎታል።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «ኳሷን ወርውሬ ስጨርስ እግሬ አዳልጦኝ ነበርና አላየሁም። ቀና ስል አልፋለች። ሰው ሁሉ ነጠረች ይላል፤ ያየሽው ግን አንቺ ነሽ። እውነት ነጠረች?»

«አዎ፣ ዶን ፋውስቲኖ።»

«እሰይ» አለ። ትከሻው ዝቅ ሲል አየችው። «እኔ እኮ ከትናንት ጀምሮ ወንድምሽን በሆዴ ሳማው ነበር። ልጁን ያለ ጥፋቱ። እንኳን ጠየቅኩሽ።» ከቅርጫቱ ሥር የቀረችውን በአይብ የተሞላች ጣፋጭ ዳቦ አውጥቶ ሰጣት። «ለኖርቪን ስጪልኝ። ስላማሁት ካሳ ትሁነው።»

ብስክሌቱን እየገፋ ሲሄድ ዮሌይዳ በአንድ እጇ መዝገቡን፣ በሌላው ዳቦውን ይዛ እዚያው ቆመች። አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

«ምን አለሽ?» ኖርቪን ነበር፤ የተቆረጠው ፀጉር አንገቱ ላይ እንደተበተነ እየሮጠ ደረሰባት።

«ስላማህ ካሳ ይሁንህ ብሎ ይሄን ላከልህ።»

ኖርቪን ዳቦውን ተቀበለ፤ አልገመጠውም።

«ቀና ብለህ ነበር» አለችው። «አይቼሃለሁ።»

«እኔ እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ አላልኩሽም።»

«አላልክም።»

«አሁን ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» ስትፈራው የነበረው ጥያቄ መጣ። ኖርቪን ድምፁን ቀነሰ። «ዮሌ፣ ስሚኝ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ስህተት የለብኝም። ለዚሁ ቦታ የሚታየው የወደቡ ልጅ አንድ አለበት። እኩል ከሆንን አሠልጣኙ የሚወስደው እሱን ነው፤ ይረዝማል። ፋውስቲኖ እንደሆነ ያለ ምት ቢጻፍለትም ነገ የሚጋግረው ያንኑ ዳቦ ነው። እኔ ግን ከዚህ ሸንኮራ እርሻ የምወጣበት ሌላ በር የለኝም።»

ያለው ሁሉ ልክ ነበር። አንጀቷን የበላውም እሱ ነው። ከአባታቸው ጋር ሸንኮራ መቁረጥ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መዳፉ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ትናንት እስክሪብቶዋን ስታነሳም ያሰበችው ያንን መዳፍ ነበር።

«እውነትህን ነው» አለችው።

«ታዲያ?»

መዝገቡን ደረቷ ላይ ያዘች። ኖርቪን መዝገቡን ነጥቋት ሊሄድ ይችል ነበር፤ አላደረገውም። «ወንድምሽ ነኝ» ብቻ ብሎ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ።

ፋርማሲው ስትደርስ ለእኩለ ቀን ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ዶኛ ኦቲሊያ ለአንዲት እናት የሳል መድኃኒት አወሳሰድ እያስረዱ ስለነበር በእጃቸው ቆይ አሏት። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስምንተኛውን ዙር ገለጠች። ኖርቪን የነገራትን የሚያሸንፍ ምክንያት ብትፈልግ፣ ብትፈልግ አላገኘችም። ጆሮዋ ላይ የቀረው የዳቦ ጋጋሪው «እንኳን ጠየቅኩሽ» ብቻ ነው።

ተነስታ እስክሪብቶ ለመነች። «ምት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከጎኑ «ስህተት» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ የወንድሟን ስም፣ ሰዓቱንና ፊርማዋን አኖረች።

ዶኛ ኦቲሊያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። «ይሄ እኮ ወንድምሽ ነው።»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይቻለሁ።»

ማኅተማቸውን አንስተው መቱበት። «በቃ፣ ሳንታ ሪታ ዛሬ ሥራ ፈታ በይ። ለአንድ ሰው ከነገርኩ በአምስት ደቂቃ ያልሰማ አይኖርም።»

«አምስት ደቂቃውን ይስጡኝ፣ ዶኛ ኦቲሊያ፤ እባክዎ።»

ፋውስቲኖ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ትሪዎቹን ይፍቃል። ዮሌይዳ ትንፋሽ ሳትሰበስብ በሩ ላይ ሆና ተናገረች። «ዶን ፋውስቲኖ፣ ኳሷ አልነጠረችም። ኖርቪን ቀና ብሎ ነው የሳታት። እያወቅኩ ነው ምት ያልኩት፤ ቅድም ሲጠይቁኝም ዋሸሁዎት። አሁን ቀይሬዋለሁ።»

ፋውስቲኖ ትሪውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። የሚስቅ ወይም የሚቆጣ መስሏት ጠበቀች፤ እሱ ግን እጁን በሽርጡ ላይ ሲጠርግ ብዙ ቆየ።

«እንግዲያው ያለ ምት ወርውሬያለሁ» አለ። «ያውም በሰኞ ምድር፣ ትሪ ስፍቅ ነው የሰማሁት።» ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው። «እኔ እኮ አምኜሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ኖርቪንስ? መለወጥሽን ያውቃል?»

«ገና ነው።»

ከዋናው መንገድ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ፤ ሳያቋርጥ ይጮሃል። ላውሬአኖ ነበር፤ የፋውስቲኖን ስም እየጠራ በየበሩ ያውጃል። ዶኛ ኦቲሊያ አምስቱን ደቂቃ አልቻሉም።

ፋውስቲኖ በእግሩ በርጩማ ገፋላት። «ትምህርት ቤት እስክትገቢ እዚሁ ቆዪ። አሁን ቤት ባትሄጂ ይሻልሻል።»

ዮሌይዳ በርጩማውን አየችው። መቀመጥ አማራት። ጥሩምባው ደግሞ እየቀረበ ነው።

«አይ፣ ልሂድ» አለች። «ኖርቪን ከላውሬአኖ አፍ መስማት የለበትም።»

በጓሮው በር ወጥታ፣ ባጃጅ በማይገባበት ቀጭን መንገድ ወደ ቤት መሮጥ ጀመረች።