ከጠረጴዛው ጀርባ

«መብራቱን ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ፣ ጉንዳን።»

ስልኩን ዝቅ አደረገችው። ብሎን ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ሥር አስገብቷል፤ የሚታየው ጀርባውና ተረከዙ ላይ የተቀደደው ካልሲው ብቻ ነው። ወንድሟ ከኋላቸው እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። ዝም ብሎ ቢቆም ደግ ነበር፤ አልቻለም እንጂ።

«ንገረኝ በቃ» አለ። «ካርዱ አሮጌ ነው አይደል? ሌላ ሰው ሲሠራበት የከረመውን አሽገው ነው የሰጡህ።»

«ሳጥኑን የከፈትኩት ራሴ ነኝ። እሽጉ አልተነካም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ነገ እኮ ቤተ መጻሕፍቱን ለሚያሠሩት ሰዎች ላስጎበኝ ነው። ስክሪኑ ላይ በር እከፍታለሁ፣ ይቆማል። ደረጃ እወጣለሁ፣ ይቆማል። ስቅታ እንደያዘው ሰው!»

«አንተ ሰው፣ ሐኪም ሲመረምር አይጮኽበትም» አለ ብሎን ከጠረጴዛው ሥር።

ብሎን የሚለውን ስም ያወጣለት ይኸው ወንድሟ ነው፤ ሁለቱም ሰባተኛ ክፍል ሳሉ። ያኔም ሆነ ዛሬ የሸሚዝ ኪሱ ከብሎን ተለይቶ አያውቅም፤ በዚያ ላይ አጭርና ጠንካራ ነው። አሁን ሁለተኛ ሰው ከገባ መተንፈሻ በሚጠፋባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። እሷን ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ጉንዳን ይላታል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እጇ አርፎ ስለማያውቅ። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

ወንድሟ ያንን ግራፊክስ ካርድ ለማግኘት ሁለት ዓመት ጠብቋል። የሚሠራው የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ውስጥ ነው። ገና ያልተገነቡ ቤቶችን ስክሪን ላይ ሠርቶ፣ ሰው ገብቶ እንዲዞርባቸው ያደርጋል። በመስኮት የሚገባውን ብርሃን፣ የወንበሩን ጥላ፣ መስታወቱ ላይ የሚያርፈውን ሰማይ ሁሉ በቅጽበት አስልቶ የሚሥለው ካርዱ ነው። «በአሮጌው ካርድ አንዱን ክፍል ዞረን እስክንጨርስ ቤቱ በእውን ተሠርቶ ያልቃል» እያለ ይቀልድ ነበር። አዲሱ ሲመጣ ለጉንዳንም ቃል ገብቶላት ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ይለፍና መጀመሪያ የመኪና እሽቅድምድሙን ጌም ትጫወትበታለች፤ ከዚያ የራሷን ክፍል ስክሪን ላይ በራሷ እጅ እንድትሠራ ያስተምራታል።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ ብሎን። «ካርዱን የገጠምኩ ቀን አንተ አልነበርክም፤ ግንባታው ቦታ ሄደህ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይሄን ዕቃ ከቦታው ያነሳው ሰው አለ?»

«ማን ይነካዋል? እናቴ እንኳ በአጠገቡ የምታልፈው ቀሚሷን ሰብስባ ነው።»

ጉንዳን ብርሃኑን ወደ ወለሉ አዞረችው።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ብሎን ካርዱን ሲገጥም አጠገቡ ቁጭ ብላ ነበር። እንድትይዘውም ሰጥቷት ነበር። ርዝመቱ ክንዷን ያህላል፤ እንደ ጡብ ይከብዳል፤ ሦስት ማራገቢያዎች ተደርድረውበታል። «ጨቅላ ልጅ እንደምትይዢ ያዢው፤ አንገቱን ደገፍ አድርጊ» ብሏት ስቀው ነበር። ገጥሞ ሲጨርስ መሞከሪያ ብሎ ዓሣ የሚዋኝበት ምስል ከፈተ። ዓሣው ሲገለበጥ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ብልጭ ይል ነበር። ዕቃውን እየሰበሰበ ሳለ ደግሞ አንድ ወሬ ነገራት፦ ወንድሟ ለቢሮው ስምንት ኮምፒውተር እንዲገጥም አጭቶታል። «ከተሳካልኝ ለሱቄ ሰሌዳ አሠራለሁ። እስካሁን እኮ ሰው የሚያገኘኝ ‹ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ› እየተባለ ነው።»

ቅዳሜ የጽዳት ተራዋ ነበር። ወለሉ ላይ የካርቶን ብጥስጣሽ ወዳድቋል፤ ከጠረጴዛው ጀርባ የስንት ዓመት አቧራ ተኝቷል። ወንድሟ እሁድ ሲመለስ ክፍሉ ሲያበራ እንዲያገኘው ፈለገች። ስለዚህ ገመዶቹን ሁሉ ነቀለች፣ የኮምፒውተሩን ኬዝ ወደ መሐል ጎተተች፣ ጠረገች፣ ወለወለች፣ በደረቅ ብሩሽ ቀዳዳ ለቀዳዳ አጸዳች። ሲያበቃ ገመዶቹን መለሰች። እያንዳንዱ የራሱ ቅርጽ አለው፤ የስክሪኑ ገመድ ልክ የሚገባበት ቀዳዳ ከላይ በኩል አገኘችና ሰካችው። ስክሪኑ በራ። እኔም ለካ ባለሙያ ነኝ፣ አለች በልቧ። በማግስቱ ወንድሟ ገብቶ «ወለሉ ላይ መልኬን አየሁት!» ብሎ ግንባሯን ሳማት።

«ጉንዳን፣ እስቲ ጠጋ በይ።»

በእጇና በጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። ብሎን በጣቱ ከኬዙ ጀርባ ከላይ የተሰካውን ገመድ አሳያት። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ በአንድ መስመር የተደረደሩትን ባዶ ቀዳዳዎች ነካ ነካ አደረጋቸው።

«ይሄ የላይኛው የማዘርቦርዱ፣ የኮምፒውተሩ የራሱ ነው» አለ በሹክሹክታ። «የካርዱ እነዚህ ናቸው። ስክሪኑ ከላይ ከተሰካ ጨዋታው ከካርዱ ጋር አይደለም። ካርዱ ሥራ ፈት ቁጭ ብሏል።»

ይህን ሲል ገመዱን ነበር የሚያየው። ከዚያ እሷን አያት።

«እኔ…» ብላ ጀመረች።

ብሎን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ገመዱን ከላይ ነቅሎ ከታች ሰካውና ወደ ኋላ እያፈገፈገ ወጣ። ሲወጣ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው።

«የኔ ጥፋት ነው» አለ ራሱን እያሻሸ። «የስክሪኑን ገመድ ያለቦታው ሰክቼው ነው የሄድኩት።»

«ምን አልክ?»

«አሁን ክፈተውና እየው።»

ወንድሟ እያጉረመረመ ቁጭ አለ። ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ፤ በሩ ወለል አለ፤ መደርደሪያዎቹ ግራና ቀኝ እየተንሸራተቱ አለፉ። ደረጃውን ወጣ፤ አልቆመም። ፎቅ ላይ ልጆች የሚያነቡበት ምንጣፍ ነበር። ከጣራው መስታወት የገባው ፀሐይ ምንጣፉ ላይ አርፎ፣ ወንድሟ እይታውን ባዞረ ቁጥር ብርሃኑም አብሮ ይዞራል።

«ተባረክ!» ብሎ ጮኸ ወንድሟ፤ ወዲያው ደግሞ ወንበሩን አዞረ። «ቆይ ግን፣ አንተ! ሳምንት ሙሉ በገመድ ነው እንዴ የተቃጠልኩት? ሙድ እየያዝክብኝ ነው?»

«አልያዝኩብህም።»

«ይሄ እኮ የጀማሪ ስህተት ነው! አሥር ዓመት ሠርተህ?»

«አሥራ አንድ» አለ ብሎን ካቻቢቴዎቹን ወደ ቦርሳው እየከተተ። «በል፣ ነገ ይቅናህ። ሰዎቹን ደረጃው ላይ ብዙ አታቁማቸው፤ ምንጣፉ ጋ ውሰዳቸው።»

ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ወንድሟ ቤተ መጻሕፍቱን ሁለት ጊዜ ዞረው። በሦስተኛው ላይ ፈገግታው ጠፋ፤ ስልኩን አነሳና መጻፍ ጀመረ።

«ለማን ነው ጋሼ?»

«ለኃላፊያችን። ስለ ስምንቱ ኮምፒውተሮች።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። «ጓደኛዬ ነው፤ ታውቂያለሽ እንደምወደው። ግን ገመድ የሚሳሳት ሰው ቢሮ አስገብቼ ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ምን እላለሁ? ሌላ ሰው ፈልጉ ልላቸው ነው።»

«እስክመለስ እንዳትልከው!»

«ምን? የት ልትሄጂ?»

የሕንፃውን ደረጃ እየዘለለች ወርዳ ነበር።

ብሎን ውጭው በር ላይ በስልክ ሲያወራ ቆይቶ፣ ጎንበስ ብሎ የተፈታውን የጫማውን ማሠሪያ እያሠረ ነበር።

«ጋሽ ብሎን!»

«ጋሽ ባልሽኝ ቁጥር አንድ ጸጉሬ ይሸብታል።»

«ለምን ዋሸህ? ሐሙስ ዕለት እኮ ሞክረኸዋል። ዓሣውን አይቼዋለሁ።»

ብሎን ማሠሪያውን አጥብቆ ቀና አለ። «አንቺ ከእሱ ጋር አንድ ቤት ነው የምትኖሪው» አለ። «እኔ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ነገ ትልቅ ቀኑ ነው፤ ዛሬ እቤት ውስጥ ጩኸት ምን ይሠራል? እኔን ደግሞ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሲጮኽብኝ ነው የኖረው። ለምጄዋለሁ።»

«ደግሞ ስትዋሽ ቀሽም ነህ። ጆሮህ ይቀላል።»

«እሱ መች ጆሮዬን አየ? ስክሪኑን ነው የሚያየው።»

ሳቋ መጣ፤ ሳትፈልግ ዓይኗም አብሮ ሞላ። መሬት መሬቱን አየች። «ሲመጣ እንዲያምርለት ብዬ ነው የነቀልኩት።»

«አውቃለሁ። ከኬዙ ጀርባ አንዲት ብናኝ እንኳ አጣሁ። እኔ ሠርቼ ስሄድ እንደዚያ አልነበረም።» ቦርሳውን ትከሻው ላይ አመቻቸ። «እንደዚያ አድርጎ ያጸዳ እጅ ላይ ማን ይጮኻል? በይ ግቢ። በዚህ ሳምንት ከቢሯቸው ይደውሉልኛል፤ መልካም ተመኚልኝ።»

ላይ ቤት ወንድሟ በስልኩ ምን እየጻፈ እንደሆነ ልትነግረው ፈለገች፤ አልሆነላትም። ብሎን እጁን አውለብልቦላት በእግረኛው መንገድ ሄደ።

ስትመለስ ደረጃውን አልዘለለችም። አንድ በአንድ ወጣችው። ለወንድሟ እውነቱን ብትነግረው ምን እንደሚከተል ታውቃለች፤ ጠባዩን ታውቀዋለች። መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ከዚያ «እንዳትነኪው ነግሬሽ ነበር» ይላል። ኮምፒውተሩ ባለበት እንዳትደርስ ይደረጋል፤ ጌሙም፣ ልትሠራው ያሰበችው ክፍልም ይቀራል። ለክፍሏ ክብ መስኮት አስባለት ነበር።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ አንድ መላ መጣላት። «ሁሉም ሰው ይሳሳታል፤ አንድ ዕድል ስጠው» ብትለውስ? አማላጅ መሆን ነው። ወንድሟ ልቡ ለስላሳ ነው፤ ምናልባት እሺ ይል ይሆናል። እሷም ምንም አትሆንም። ግን ከዚያ በኋላ ብሎን በዚያ ቢሮ ምንጊዜም ገመድ የሚሳሳተው ሰው ይሆናል። ስምንቱንም ኮምፒውተር ሲገጥም አንድ ሰው ከኋላው እጁን አጣምሮ ይቆማል።

ወንድሟ እዚያው ወንበር ላይ ነው። መልእክቱን ጽፎ ጨርሷል፤ አውራ ጣቱ ከመላኪያው በላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው እንደ እብድ የሮጥሽው? ይኸው ጠበቅኩሽ እኮ።»

ያሰበችው መላ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው። በሩን ከኋላዋ ዘጋችና፣ ወንበር እያለ፣ ወለሉ ላይ እግሩ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ጋሼ» አለች። «ያን ቅዳሜ ያጸዳሁት ወለሉን ብቻ አይደለም።»

ወንድሟ ፊቷን አየ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋው፤ ወንበሩንም ወደ እሷ አዞረ።