መብራቱ የጠፋ ስክሪን

እህቲቱ ከጥርስ ሐኪም ስትመለስ ግማሽ ፊቷ ገና እንደደነዘዘ ነበር፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያወጣችው ጩኸት የሰው አይመስልም።

«ጋሼ» የምትለው፣ ላፕቶፕ ጠጋኙ ታላቅ ወንድሟ ከሥራ ወንበሩ ሥር ተደፍቷል። ከግራ ጆሮው በላይ ያለው አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል። ዕቃ ቆንጥጣ የምትይዝለት ትንሿ ሞርሳ ከጠረጴዛው ተፈትታ፣ ፀጉርና ደም ይዛ አጠገቡ ተጋድማለች። ሦስት ጊዜ ነው የተመታው፤ አንዱ ይበቃው ነበር።

ከበሩ ውጭ፣ በሕንፃው ኮሪደር ላይ፣ ሰዎች ታናሽ ወንድሟን ጥለው ይረግጡታል። ቶሎ ስለሚቆጣ «ክብሪት» ይሉታል። ሸሚዙ በታላቁ ደም ርሷል። «ላነሣው ብዬ ነው» ይላል፤ ቃሉ ከጥርስ ስባሪ ጋር ይወጣል። አስከሬኑ ላይ አጎንብሶ ያገኘውም፣ «ያዙት» ያለውም፣ መጀመሪያ የረገጠውም ጎረቤታቸው ባለ ፎቶ ኮፒው ነበር።

እናትና አባት ካለፉ ወዲህ ሦስት ነበሩ። በአንድ ቀን አንዱ ሞተ፣ አንዱ ታሰረ። እህቲቱ ከቀብር መልስ የጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ፣ «አንዱን አፈር ወሰደው፤ ይኼንን ለማን ልስጥ?» ስትል ዘበኛው ፊቱን አዞረ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ መጡ። ጠና ያሉ፣ አጭር ሴት ናቸው፤ ፖሊሶቹ እሳቸው በሌሉበት «ወይዘሮ ለምን» ይሏቸዋል። ያውቃሉ፤ አይከፋቸውም። የታሸገውን ክፍል አስከፈቱና እህቲቱን ጠሯት።

«ነይ ልጄ። ወንድምሽ እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ እጁን እንዳየሽው ንገሪኝ።»

ጠረጴዛው ላይ የአንዲት ርእሰ መምህርት ላፕቶፕ ተከፍቶ አለ። የተሰነጠቀው ስክሪን ወጥቶ ጋዜጣ ላይ ተኝቷል። አዲሱ ከክዳኑ ጋር ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱን ከጭረት የሚጠብቀው ላስቲክ አልተላጠም። ቻርጀሩ እንደተሰካ ነው። መርማሪዋ ማብሪያውን ሲጫኑ ማሽኑ እፍ ብሎ ተነሣ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«ለምን ጨለመ?»

እህቲቱ የስልኳን መብራት አብርታ ከስክሪኑ ጎን አዘንብላ ያዘችው። ከጥቁሩ ውስጥ፣ ጭስ ውስጥ እንደቆመ ሰው፣ ፊደላት ደብዘዝ ብለው ታዩ።

«አልሞተም» አለች። «ሥዕሉ አለ፤ ከኋላ የሚያበራለት ነው የጠፋው። ጋሼ ደንበኛን ሁሉ እንዲህ እያበራ ያሳይ ነበር። አንድ ሽማግሌ ላፕቶፑን ሊጥሉት አምጥተው፣ የልጃቸውን ፎቶ ሲያዩ ስመውት ሄዱ።»

«ላፕቶፑን ወይስ ወንድምሽን?»

«ሁለቱንም።» ከሦስት ቀን ወዲህ ፈገግ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር፤ ወዲያው አፈረችበት።

«ከኋላ የሚያበራለትን ምን ያጠፋዋል?»

«ብዙ ነገር። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ፊውዝ ናት። ባትሪውን ሳይነቅል የስክሪኑን ገመድ የሰካ ሰው ያቃጥላታል። ክብሪት ልጅ ሳለ ለዚህ ስንት ጊዜ በካቻቢቴ እጀታ ጣቱን ተመትቷል መሰለዎት።»

«ያን ቀን የተጣሉትም በዚህ ነው?»

«በላስቲኩ ነው። ስክሪኑ ከበራ በኋላ ላስቲኩን የሚልጠው ደንበኛው ነው፤ የጋሼ ሕግ ነው። ክብሪት የሌላ ደንበኛ ላፕቶፕ ላይ ከባለቤቱ ቀድሞ ላጠው። ጋሼ በሰው ፊት ጣቱን መታው። እሱም ‹አንድ ቀን ይቺን እጅህን እሰብራታለሁ› ብሎ በዘጠኝ ሰዓት ኮምፒውተር ሊጠግን ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደ። ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል።» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «ሁልጊዜ ይላታል እኮ። ማታ ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት።»

መርማሪዋ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አጎነበሱ። የተቆረጠች ፕላስተር በአንድ ጫፏ ተለጥፋ ተንጠልጥላለች፤ ደም ነጥቦባታል።

«ይህችስ?»

«ገመዱ ከተሰካ በኋላ እንዳይላቀቅ ከላዩ የሚለጥፋት ናት። አስቀድሞ ቆርጦ እዚያ ያንጠለጥላታል።»

«እስቲ ገመዱን ንቀይልኝ።»

እህቲቱ መጀመሪያ ቻርጀሩን፣ ቀጥላ ባትሪውን፣ በመጨረሻ የስክሪኑን ገመድ ነቀለች። መርማሪዋ የገመዱን መግቢያ በማጉሊያ መነጽር ለረጅም ጊዜ አዩት። ፎቶ አንሺውን ጠርተው አስነሡት።

የባለ ፎቶ ኮፒው ቤት ከዚህ ክፍል በመስታወት ብቻ ነው የሚለየው። ሰውየው ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ ሰጣቸው።

«ጋሼን በሕይወት ያየኸው መቼ ነው?»

«አሥራ አንድ ተኩል ላይ። በዚህ መስታወት አየሁት። አዲሱ ስክሪን ቦግ ብሎ ፊቱን ነጭ አድርጎት በጨርቅ ይወለውለዋል። ‹እጅህ ይባረክ ጋሼ› አልኩት፤ እጁን አነሣልኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያ እብድ ገባ።»

«ሌላ ላፕቶፕ ይሆን ያበራው?»

«ሌሎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ ቁልፉ ከእህቱ ጋር ነው። እማማ፣ እዚህ መስታወት ሥር አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። ዛሬ እኔ ራሴ ስክሪን እቀይራለሁ። ዓይን ላለው ሰው ትምህርት ቤት ምን ያደርግለታል?»

«ለምን አራት ዓመት የሰው እጅ ታያለህ?»

«ወረቀት እስኪወጣ ግድግዳ ልይ ታዲያ?»

መርማሪዋም አብረውት ሳቁ። ከዚያ የላፕቶፑን ባለቤት ሊያነጋግሩ ሄዱ። ርእሰ መምህርቷ እጃቸውን እያፋተጉ ተናገሩ።

«በሐሰተኛ የምስክር ወረቀት የተቀጠሩ ሁለት መምህራን አግኝቻለሁ። ማን እንዳተመላቸው አምነዋል። ደብዳቤውን ጽፌ ሳልልከው ላፕቶፑ ከእጄ አመለጠ። ለሟቹ ‹አደራ፣ ይህች ደብዳቤ እንዳትጠፋብኝ› ብዬ የአታሚውን ስም ሳይቀር ነገርኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ፊቱ ተለዋወጠ። ‹እስከ ነገ ይታገሡኝ፤ ራሱ ሄዶ ይናገር› አለኝ።»

«ስሙን አሁን አይንገሩኝ» አሉ መርማሪዋ። «ከጽሑፉ ላይ ይሻላል።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በዚያች ጠባብ ክፍል ተሰበሰቡ፤ እህቲቱ፣ ርእሰ መምህርቷ፣ ባለ ፎቶ ኮፒው፣ ሁለት ፖሊሶች። ክብሪት ታስሮ መጣ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ባዶውን ወንበር ሲያይ በሩ ላይ ቆመ።

መርማሪዋ አንድ እጁን አስፈቱለትና ሌላ አሮጌ ላፕቶፕ ፊቱ አኖሩ። «ስክሪኑን አውጣ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

እያለቀሰ ከፈተው። ጣቱ፣ ማንም ሳያዘው፣ ቀጥታ ወደ ባትሪው ሄደ።

«ይበቃል» አሉ። «አሁን ስሙኝ። ክሊኒኩ ውስጥ አምስት ሰዎች ይህ ልጅ እስከ አሥራ አንድ ተኩል እዚያ እንደነበረ ይምላሉ። ስለዚህ ጋሼ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሕይወት ከነበረ፣ ልጁ ሊገድለው ይችላል። ቀድሞ ከሞተ አይችልም። በሕይወት ነበር ያለን አንድ ሰው ነው።»

«አየሁት እኮ» አለ ባለ ፎቶ ኮፒው።

«በበራ ስክሪን ፊት።»

«አዎ።»

«ይህ ስክሪን ጋሼ በሕይወት ሳለ አልተሰካም። ፕላስተሯ ሳትለጠፍ እዚህ ተንጠልጥላ ደም ነጥቦባታል። ላስቲኩ አልተላጠም፤ ታዲያ ምኑን ነው የሚወለውለው? ይህም ይቅር።» ፎቶውን አነሡ። «ገመዱን ስንነቅለው ከሥሩ፣ መግቢያው ውስጥ፣ የደም ጠብታ አለች። የተሰካ ገመድ ሥር ደም አይገባም። ደሙ ሲረጭ መግቢያው ባዶ ነበር። የሰካው ሌላ ሰው ነው፤ ጋሼ መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ።»

መርማሪዋ ወደ መስታወቱ ጠቆሙ።

«ያ ሰው ሥራውን በመስታወት አይቶ የተማረ ነው። ከመስታወቱ ማዶ ገመድ ሲሰካ ይታያል፤ ባትሪ ሲነቀል ግን በጀርባ ተጋርዶ አይታይም። ሊያጠፋው የፈለገው ነገር ላፕቶፑ ውስጥ ነበር። ባትሪውን ሰክቶ፣ ቻርጀር ሰክቶ፣ አብርቶ ገመዱን ሰካ። ፊውዟ ተቃጠለች። ስክሪኑ ጨለመበት፤ ‹ሞተ፣ ተገላገልኩ› ብሎ ትቶት ሄደ። ባያምን ኖሮ ይዞት ይሄድ ነበር።» ወደ እህቲቱ ዞሩ። «አብሪልን ልጄ።»

እህቲቱ ገመዱንና ባትሪውን መልሳ ሰካች፤ ርእሰ መምህርቷ ደብዳቤውን ከፈቱ። እህቲቱ የስልኳን መብራት አዘንብላ ያዘች፤ ብርሃኑ ከመስመር ወደ መስመር ወረደ። ሦስተኛው መስመር ላይ የባለ ፎቶ ኮፒው ሙሉ ስም ነበር።

«ጋሼ ቀድሞ ነገረህ» አሉ መርማሪዋ። «ወንድም ነበር የመሰልከው።»

«ጠዋት ሂድና ተናገር አለኝ» አለ ሰውየው በቀስታ። «እንደ ልጅ። ከዚያ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ።»

የወረቀት መቁረጫ ምላጩ ከኪሱ መቼ እንደወጣ ማንም አላየም። ሰውየው የተወረወረው ወደ ስክሪኑ ነበር፤ መብራቱን የያዘችው እህቲቱ መሐል ላይ ነበረች። ክብሪት ክንዱን አስገባ። ምላጩ እስከ አጥንት ዘለቀ። ሁለቱም ወደቁ። ክብሪት ከላይ ሆነ፤ ከግራ አንጓው የተንጠለጠለውን ካቴና ሰውየው አንገት ላይ ጠምጥሞ ሳበ። ፖሊሶቹ ሊያላቅቁት አልቻሉም። የሰውየው ፊት ጠቆረ፣ ተረከዙ ወለሉን ደበደበ።

እህቲቱ ተንበርክካ አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች።

«ክብሪትዬ። ዛሬ ልወስድህ ነው የመጣሁት። ከገደልከው ማንን ይዤ ልሂድ?»

ካቴናው ላላ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ክብሪት፣ ክንዱ ተሰፍቶ፣ ያችኑ ላፕቶፕ ሊጨርስ ተቀመጠ። ባትሪውን ነቀለ። ፊውዟን ቀየረ። አዲስ ፕላስተር ቆርጦ ጠርዙ ላይ አንጠለጠለ። እህቲቱ ማየት ስላልቻለች ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ሳታስበው ባዶ በቀረው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ፣ ከመስታወቱ ማዶ ቆመች።

ስክሪኑ ቦግ አለ። ብርሃኑ ያበጠውን ዓይን፣ የጎደለውን ጥርስ ነጭ አደረገው። ክብሪት ቀና ብሎ አያት፤ ላስቲኩን ግን አልነካም። በጣቱ ወደ በሩ ጠቆማት፤ የላፕቶፑን ባለቤት ጥሪ ማለቱ ነበር።