የኩርፊያ ቡና

ለፍቅር ብሎ የዋሸ ሰው ዲላ ውስጥ ሞልቷል። ቡና ፈጥሮ የዋሸ ግን ከዚያድ በፊት አልነበረም፤ ከእንግዲህም የሚመጣ አይመስለኝም።

ነገሩን ያመጡት አባቱ ሐጂ ሙሐመድኑር ናቸው። ሐጂ ዲላ ከተማ መጋዘን፣ ኮንጋ ደግሞ የቡና ማጠቢያ አላቸው። ዘንድሮ ቡናቸውን የሚወስደው ላኪ «ውጭ ያሉት ገዢዎች ጆንያው ከየትኛው ገበሬ ማሳ እንደመጣ ካላወቅን አንገዛም ብለዋል፤ ዳታቤዝ ያሠሩ» አላቸው። ሐጂ ዳታቤዝ ምን እንደሆነ አያውቁም። የጎረቤታቸው የጨርቅ ነጋዴው የአቶ ፈድሉ ልጅ ሚስራ በኮምፒውተር መመረቋን ግን ያውቃሉ። አስጠሯት።

«ማጠቢያውን የሚመራው ልጄ ዚያድ ነው፤ የምትፈልጊውን ሁሉ እሱን ጠይቂው» አሏት። በዚህች ቃል ልጃቸውን አሳልፈው ሰጡት።

ሚስራና ዚያድ ጎን ለጎን ባሉ ሱቅና መጋዘን ነው ያደጉት፤ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ግን ተለዋውጠው አያውቁም። እሷ ቁጥብ፣ እሱ ዓይን አፋር። አሁን መጋዘኑ ውስጥ ላፕቶፗን ጆንያ ላይ ከፍታ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች። የከፈተችው ሶፍትዌር የዳታቤዙን ፕላን መሣያ ነው፤ ለገበሬ አንድ ሣጥን፣ ለማሳ አንድ ሣጥን፣ ለርክክብ አንድ ሣጥን፣ ከዚያ ሣጥንን ከሣጥን የሚያገናኝ መስመር።

«ቤት ያለ ፕላን አይሠራም አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው» አለችው። «ፕላኑ ላይ ከተሳሳትኩ ኋላ ማፍረስ ነው። አንድ ገበሬ ስንት ማሳ ሊኖረው ይችላል?»

«አቅሙ የፈቀደውን።»

«አንድ ማሳ የሁለት ሰው ሊሆን ይችላል?»

ዚያድ ስለ ማሳ እያሰበ አልነበረም። ሚስራ መልስ ስትጠብቅ ከንፈሯን ነከስ ታደርጋለች፤ እሱ የሚያየው ያንን ነው።

«ዚያድ! ማሳ ነው ያልኩህ።»

«እ... ይችላል፣ ይችላል።»

ሲመሽ ላፕቶፑን ዘጋች። «ቀላል ነው። ነገ እጨርሰዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ አላስቸግርህም» አለችው።

አላስቸግርህም! የዚያድ ልቡ ስንጥቅ አለ።

በማግስቱ ገና ሳትቀመጥ «አንድ ነገር ረስቻለሁ» አላት። «የአደራ ቡና አለ። ገበሬው ከታመመ ጎረቤቱ ይዞለት ይመጣል።» ይህ እንኳ እውነት ነው። ሚስራ ግን ፊቷ በራ። «ይሄን ትናንት አትነግረኝም ነበር?» ብላ አዲስ ሣጥን ሣለች፤ እየሣለችም ፈገግ አለች።

ዚያድ ያን ቀን አንድ ትምህርት ቀሰመ። ሚስራ ቆንጆ ነሽ ቢሏት ትቆጣለች፤ ያልታሰበ ጉዳይ ቢያመጡላት ግን ፊቷ ይፈካል። እሱም ማምጣቱን ተያያዘው። ሚዛን ላይ ከወጣ በኋላ ባለቤቱ ዋጋውን ሰምቶ በንዴት ወደ ቤቱ የሚመልሰው «ተመላሽ ቡና» አመጣላት። አማች በአማቱ ስም የሚያስመዝነው «የአማች ቡና» አመጣላት። እያንዳንዱ ውሸት አንድ ሣጥን ወለደ። ሣጥኖቹ ሁሉ በመስመር ተጋቡ፤ ሳያገባ የቀረ ዚያድ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ሌላ የሚፈጥረው ሲያጣ «ባልና ሚስት ሲኮራረፉስ?» አለ።

«ሲኮራረፉ ምን ይሆናሉ?»

«ቅርጫት ይለያሉ። እሱም ለብቻው፣ እሷም ለብቻዋ ታስመዝናለች። የኩርፊያ ቡና ይባላል።»

«ወላሂ በል?»

የአላህ ስም ሲመጣ ዚያድ ተንተባተበ። «ይባላል... ነው የምልሽ።»

«ሲታረቁስ? ሒሳቡ ይጠቃለላል?»

«ይጠቃለላል። ግን ያስታረቃቸው ሽማግሌ ሲፈርም ነው።»

«እንግዲያው የሽማግሌ ሣጥንም ያስፈልገናል! አንድ ሽማግሌ ስንት ባልና ሚስት ያስታርቃል?»

«እንደ ጉልበቱ» አለ ዚያድ።

ሚስራ ከልቧ ሳቀች። ሳቋን ጨርሳ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ታውቃለህ፣ አባትህ ሥራዬን ከወደዱት ሌላው ቡና ነጋዴ አቶ ከፈለኝም የፍስሐ ገነቱን ማጠቢያቸውን ሥራ ሊሰጡኝ ቃል ገብተዋል። ካልወደዱት አዲስ አበባ አጎቴ ጋ ሥራ ተገኝቶልኛል። አባባ ‹እዚህ ካልሆነልሽ ሂጂ› ብሎኛል። እኔ ደግሞ ከዲላ መውጣት አልፈልግም።»

ዚያድ ክው አለ። እሷን ለማቆየት የደረደረው ውሸት ሁሉ እሷን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶብስ ሆኖ ታየው።

«ሚስራ...»

«አቤት?»

«ምንም። ሻይ ልዘዝልሽ?»

ሻይ አዘዘ። እውነቱን ለነገ አሳደረው፤ ነገም ሲመጣ ለሌላ ነገ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሐጂና አቶ ከፈለኝ ሥራውን ለማየት መጋዘኑ ውስጥ ተሰየሙ። ሚስራ ፕላኑን አሳትማ፣ ወረቀቶቹን በፕላስተር አያይዛ ጆንያዎቹ ላይ ዘርግታዋለች። ሐጂ መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ይሄ ገበሬ፤ ማሻአላህ። ይሄ ማሳ። ይሄ...» ቀና አሉ። «ልጄ፣ ኩርፊያ ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«አዎ ሐጂ። የኩርፊያ ቡና ነው።»

«የምን ኩርፊያ? ማን ነው ያኮረፈው?»

አቶ ከፈለኝ ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። «ይሄኛው ደግሞ የአማች ቡና ይላል። ሐጂ፣ ያለዎት ማጠቢያ ነው ወይስ ሠርግ ቤት?»

ሚስራ ደነገጠች። ጣቷ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ዚያድን አየችው፤ ዓይኗ «ንገራቸው እንጂ» ይላል። ዝም ቢል ማንም አይጠረጥረውም፤ ሥራ አታውቅም የምትባለው እሷ ናት። ዚያድ ተነሣ።

«አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ የሣለችው እኔ የነገርኳትን ነው። የኩርፊያ ቡና የሚባል የለም፤ የአማችም የለም። ፈጥሬ ነው።»

«አስተግፊሩላህ! ቡና ይፈጠራል እንዴ? ለምን?»

«ሥራው እንዳያልቅ።»

«ቢያልቅ ምን ትሆናለህ?»

«ካለቀማ እሷ አትመጣም!»

አቶ ከፈለኝ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሐጂም እንዳይስቁ ጢማቸውን ያዙ። ያልሳቀችው ሚስራ ብቻ ናት። ወረቀቱን ጠቀለለች።

«ይሄን ሁሉ ቀን የሌለ አማች ከሌለ አማት ጋር ሳገናኝ ከረምኩ» አለችው። «እንድመጣ ከፈለግክ ‹ነይ› ማለት ያቅትሃል?»

ወጥታ ሄደች። «ጅል!» አሉት ሐጂ።

ሰኞ ዕለት ዚያድ ኮንጋ ማጠቢያው ውስጥ ሚዛኑ አጠገብ ቆሟል። እህል ካፉ ካልገባ ሰንብቷል። አንድ ሞተር መጣና ሚስራ ወረደች። ሐጂን «አንድ ዕድል ይስጡኝ፤ አሁን ገበሬዎቹን ራሳቸውን ልጠይቅ» ብላ ለምናቸው ኖሯል። ዚያድን እንዳላየች አልፋው ከቡና ማድረቂያው አልጋ ጎን ተቀመጠችና ቀይ የቡና እሸት ይዘው የተሰለፉትን ትጠይቅ ጀመር። የአማች ቡናን ሲሰሙ ሰዎቹ ተሳሳቁ።

«ተሰረዘ!» አለች ጮክ ብላ፣ ዚያድ እንዲሰማት። «ተመላሹም ተሰረዘ! ደግሞ ባልና ሚስት ተኮራርፈው ለየብቻ ያስመዝናሉ የሚል ውሸት ሰምቻለሁ።»

«ምኑ ነው ውሸቱ?» አለች ሩሃማ የምትባል ገበሬ፣ ቅርጫቷን አውርዳ። «እኔ ዛሬ ኩርፊያ ላይ ነኝ።»

«እ?»

«ባሌ ያውና። እኔ በእህቴ ስም ነው የማስመዝን። ስንታረቅ አንድ ላይ እናደርጋለን።»

ባልየው ከሰልፉ ጫፍ ፊቱን አዞረ። አንዲት ሴትዮ «እኔም አምና» አለች። ሌላዋም እጇን አወጣች።

«ኧረ እኔ ፈጥሬው ነው!» ብሎ ጮኸ ዚያድ፤ ሚዛኑን ጭራሽ ረስቶታል።

«አንተ ሚዛን ነው የምታይ» አለችው ሩሃማ። «ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር መች ታያለህ?»

ሚስራ ሳቋን ልትውጥ ሞክራ አቃታት። ቡናው ከባል ማሳ፣ ስሙ የእህት! ገዢዎቹ የሚፈሩት ይሄንኑ ነበር። የኩርፊያ ሣጥን ሳይሰረዝ ቀረ። ከዚያ ተነሥታ ሚዛኑ ዘንድ መጣች።

«አትደሰት። ውሸትህ እውነት ስለሆነ አንተ እውነተኛ አልሆንክም።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ሳትፈጥር ንገረኝ። ምንድን ነው የምትፈልገው?»

ሰልፉ በሙሉ ጆሮውን ቀሰረ። ዚያድ ሚዛኑን ለቀቀ።

«ነይ» አለ። «ነገም ነይ። ሥራ ባይኖርም ነይ። እወድሻለሁ፣ ሚስራ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሚስራ አቀረቀረች።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው ቀስ ብላ።

ሩሃማ ከነኩርፊያዋ እልልታውን አቀለጠችው።

ሐጂ ፕላኑን ተቀበሉ፤ አቶ ከፈለኝም ቃላቸውን ጠብቀው ሥራውን ሰጧት። እሑድ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ሽማግሌዎቹን እየመሩ አቶ ፈድሉ ቤት ገቡ። ዚያድና አባቱ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ያሯሩጡታል።

አቶ ከፈለኝ ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

«ፈድሉን ነገሩ አልዋጥ አለው» አሉ። «‹ዛሬ ቡና የፈጠረ ነገ ሌላ ሚስት ላለመፍጠሩ ምን ዋስትና አለኝ?› አለን። በመጨረሻ ልጅቷን ጠራት።»

«ምን አለች?» ዚያድ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ።

«‹አባባ፣ ሲዋሽ እኔን ብቻ ነው የዋሸው፤ ውሸቱን ያፈረሰው ግን ሰው ፊት ነው። ዝም ቢል የምዋረደው እኔ ነበርኩ። እኔ ከምዋረድ ራሱን አዋረደ። ከዚህ የተሻለ ምን ዓይነት ሰው ልታመጣልኝ ነው?› አለችው። ፈድሉም ‹በሉ፣ ቀን ቁረጡ› አለን።»

ዚያድ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ጆንያው ላይ እንደ ልጅ አለቀሰ።

«ተነሣ ከዚያ!» አሉት ሐጂ። «ደርቆ ያለቀ ቡና ነው፤ እርጥበት ታስገባብኛለህ።»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እሳቸውም እያለቀሱ ነበር።